«ይለይለት» ባይ ተጫዋች

ጥያቄው፦ «ላይቼስ በሚባለው የቼዝ ድረ ገጽ ላይ ብሊትዝ፣ ማለትም ፈጣን ቼዝ፣ እጫወታለሁ፤ በብዛት ሦስት ደቂቃ፣ ያለ ጭማሪ ሰከንድ። ሬቲንጌ (የደረጃ ነጥቤ) 1600 አካባቢ ከደረሰ በኋላ ቆሟል። አጥቂ ተጫዋች ነኝ ብዬ አምናለሁ፤ ፐዝል (የቼዝ እንቆቅልሽ) ላይም ጥሩ ነኝ። ግን ከዚህ በላይ ማለፍ አቃተኝ። ጌሞቼን ልኬልዎታለሁ። አጨዋወቴ ምን ዓይነት ነው? ምኑ ላይ ጎበዝ ነኝ? ምኑን ላሻሽል? ደግሞስ የእኔ 1600 በፊዴ (በዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን) ሬቲንግ ቢሆን ስንት ይሆናል?»

መልስ፦

ዕድሜህ 24 እንደሆነ ጽፈሃልና አንተ ልበልህ። ጌሞችህን አንድ በአንድ አየኋቸው፤ ያሸነፍካቸውንም፣ የተሸነፍካቸውንም። መልሴ ረዘም ይላል፤ ቢቻል ቦርድ አጠገብህ አድርግ፣ ካልሆነም የላይቼስን የትንተና ሰሌዳ ክፈት። ቤቶቹን ኢ4፣ ኤፍ7 እያልኩ ነው የምጠራቸው፤ ፊደሉ ዓምዱን፣ ቁጥሩ ረድፉን ይናገራል።

ፊት ለፊት ልንገርህ፤ አጥቂ ተጫዋች አይደለህም። አጥቂ ነኝ የሚል ሰው ይህን ሲሰማ እንደሚከፋው አውቃለሁ። ግን በ1960 የዓለም ሻምፒዮን የሆነውን ታልን ተመልከት። አጥቂ ሲባል መጀመሪያ ስሙ የሚነሳው እሱ ነው። ጌሞቹን ስትከፍት ግን ከመሥዋዕቱ፣ ዕቃ ሆን ብሎ ከመስጠቱ፣ በፊት ብዙ ዝምተኛ እንቅስቃሴ ታያለህ። ሩኩን (ቀጥ ብሎ የሚሄደውን ግንብ) ያዞራል፣ ፈረሱን ያስጠጋል፣ ተጋጣሚውን እያስጨነቀ ይቆያል። አንተ ጋ ይህ የለም። አንተ የምትፈልገው ነገሩ ቶሎ እንዲቆርጥልህ ነው። ሁለት ወታደሮች በሰያፍ ከተፋጠጡ ትበላለህ። ቼክ (ንጉሡን ማጥቃት) ካለ ቼክ ትላለህ። የሚለዋወጥ ነገር ካለ ትለዋወጣለህ። ይለይለት ባይ ነህ። ከውጭ ሲታይ ጥቃት ይመስላል፤ ውስጡ ግን ውጥረቱን መቋቋም አለመቻል ነው።

ይህን የምልህ በአንድ ጌም ተነስቼ አይደለም። በነጭም በጥቁርም፣ በመክፈቻም በመጨረሻም፣ በሰዓት አጠቃቀምህም ያው ነገር ነው የሚመላለሰው። እያሳየሁህ ልሂድ።

መጀመሪያ ግን ጥንካሬህ፤ የምሬን ነው ጠንካራ ጎን አለህ። በነጭ ተጫውተህ በኤች7 መሥዋዕት ያሸነፍክበትን ጌም አስታውስ። ኢ5 ላይ ያለው ወታደርህ የጥቁርን ፈረስ ከኤፍ6 አባርሮታል። ቢሾፕህ (በሰያፍ የሚሄደው ዕቃ) ዲ3 ላይ ነው። ቢሾፑ ኤች7ን በቼክ በላ፣ ንጉሡ መልሶ በላው፣ ፈረስህ በቼክ ጂ5 ገባ፣ ንጉሡ ጂ8 ተመለሰ፣ ንግሥትህ ኤች5 መጣች። ይህ ከ400 ዓመት በፊት ጣሊያናዊው ግሬኮ በጽሑፍ ካስቀመጣቸው ጥቃቶች አንዱ ነው፤ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ብዙ ሰው የማያደርገው ግን አንተ ያደረግከውን ነው። ቢሾፑን ከመሠዋትህ በፊት 22 ሰከንድ ቆየህ። በሦስት ደቂቃ ጌም 22 ሰከንድ ቀላል ነገር አይደለም። የጥቁር ፈረስ ኤፍ6 ላይ አለመኖሩን፣ የሲ1 ቢሾፕህ ጂ5ን መደገፉን፣ ለንግሥትህ ወደ ኤች5 መንገዱ ክፍት መሆኑን አይተሃል ማለት ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል መሥዋዕቱ ባዶ ስጦታ ይሆን ነበር። ንጉሡ ወደ ጂ6 ቢወጣ እንኳ ንግሥትህ ጂ4 ነበረላት።

ስለዚህ ተጋጣሚህ ምርጫ በሌለው ቦታ ላይ ቁጭ ብለህ ትቆጥራለህ፤ ትክክልም ትቆጥራለህ። ቼክ፣ መልስ፣ ቼክ፣ መልስ። ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ 1900 የደረሱ ሰዎችም ሁሉ የላቸውም። ሌላም ልጨምር፦ እጅ አትሰጥም። ሙሉ ሩክ ቀንሰህ እየተጫወትክ ተጋጣሚህን በስቴልሜት (ቼክ ሳይባል የሚንቀሳቀስበት ቤት በማጣት) አታለህ አቻ የወጣህበትን ጌም ሳይ ብቻዬን ሳቅሁ። ኦንላይን ላይ ይህ ጠባይ ነጥብ ያመጣል።

ችግሩ የሚመጣው ተጋጣሚህ ምርጫ ሲኖረው ነው። ምንም ነገር አስገዳጅ ባልሆነበት ቦታ ላይ እጅህ ይቅበጠበጣል።

በነጭ ከምትወደው መክፈቻ ልጀምር። ኢ4፣ ኢ5፣ ፈረስ ኤፍ3፣ ፈረስ ሲ6፣ ቢሾፕ ሲ4፣ ፈረስ ኤፍ6። እዚህ ላይ ሁልጊዜ ፈረስህን ጂ5 ትወረውራለህ። ኤፍ7ን በቢሾፕና በፈረስ ማጥቃት ነው ዓላማው። ጥቁር ዲ5 ይላል፣ አንተ በወታደር ትበላለህ። አሁን ጥቁር ተሳስቶ በፈረስ መልሶ ከበላ ሰርግህ ነው፤ ፈረስህ ኤፍ7ን በልቶ ንጉሡን ወደ መሀል ሰሌዳ ትጎትተዋለህ። 1200 እና 1300 አካባቢ ሳለህ በዚህ መስመር ብዙ ሰው እንዳጨድክ ይታያል። ሬቲንግህን ያሳደገውም ይኸው ነው።

1600 ላይ ያሉት ግን አይበሉልህም። ፈረሳቸውን ኤ5 ያወጣሉ፤ ቢሾፕህን ያጠቃሉ። ቼክ ትላለህ፣ በሲ6 ይሸፍናሉ፣ ትበላለህ፣ በቢ ወታደር መልሰው ይበላሉ። ቢሾፕህ ኢ2 ይመለሳል። ኤች6 ሲሉህ ፈረስህ ኤፍ3 ይመለሳል። ኢ4 ሲሉህ ፈረስህ እንደገና ይሸሻል፤ ኢ5 ላይ ያርፋል። ቆም በልና ቦርዱን እይ። አንድ ወታደር ተርፈሃል፤ ልክ ነው። ግን የሚያጠቃው ማነው? ጥቁር ነው። የእሱ ዕቃዎች እየወጡ ነው፤ ያንተ ፈረስ ግን ለብቻው ሰሌዳውን ይዞራል። አጥቂ ነኝ የሚል ሰው በገዛ እጁ ተከላካይ የሚሆንበትን መስመር መርጧል።

መስመሩ መጥፎ ነው አላልኩም። ትልልቅ ተጫዋቾችም ተጫውተውታል፤ ወታደሩን ይዘው መከላከል ስለሚያውቁበት ነው። አንተ ወታደሩን ወስደህ ጥቃቱንም ትፈልጋለህ። የተሸነፍክበትን ጌም ከዚያው ልቀጥል። ጥቁር ቢሾፑን ዲ6 አወጣ፤ ኢ5 ያለውን ፈረስህን አጠቃ። ዲ4 አልክ፣ እሱ አን ፓሳን በሚባለው ደንብ በኢ ወታደሩ ሲያልፍ በላ፣ አንተ በፈረስ ዲ3 ላይ መልሰህ በላህ። እስካሁን የመክፈቻ መጽሐፍ ላይ ያለው ነው። ጥቁር ንግሥቱን ሲ7 አደረገ። አንተ በሁለት ሰከንድ ካስል አደረግህ፤ ንጉሥህን ወደ ጥግ ወስደህ ሩኩን አጠገቡ አቆምክ።

የንግሥቲቱ እንቅስቃሴ ለምን እንደመጣ አልጠየቅህም። ሲ7፣ ዲ6፣ ኢ5፣ ኤፍ4፣ ጂ3፣ ኤች2 አንድ ሰያፍ መስመር ነው። ቢሾፑ ፊት፣ ንግሥቲቱ ከኋላ። ካስል እንዳደረግህ ቢሾፑ ኤች2ን በቼክ በላ። ንጉሥህ መልሶ ሊበላው አይችልም፤ ንግሥቲቱ ደግፋዋለች። ይዘህ ስትሸሽ የነበረው ትርፍ ወታደር በአንዴ ሄደ፣ ንጉሥህም ተጋለጠ። ካስል ከማድረግህ በፊት ኤች3 ብትል ነገሩ ሌላ ነበር። ኤች3 ግን ምንም «አያደርግም»፤ አይበላም፣ ቼክ አይልም። ለዚህ ነው ያልታየህ።

ምን ላድርግ ካልከኝ፣ ፈረስ ጂ5ን ለጊዜው ተወውና በዚያው በአራተኛው እንቅስቃሴ ዲ3 በል። ከዚያ ሲ3፣ ካስል፣ ሩክ ኢ1። የቢ1 ፈረስህን በዲ2 በኩል ወደ ኤፍ1፣ ከዚያ ወደ ጂ3 ውሰደው። ይህ ፈረስ አራት ቤት ሲዞር ማንም አይበላም፣ ማንም አይሞትም። መጀመሪያ አካባቢ እንቅልፍ ይመጣብሃል፤ ይሁን። ጂ3 ላይ የደረሰ ፈረስ ወደ ኤፍ5 ሲያይ፣ የሲ4 ቢሾፕህ ኤፍ7ን እንዳየ ሲቆይ፣ ዲ4 የሚለውን ግፊት ደግሞ በፈለግህበት ሰዓት በእጅህ ስትይዘው ያኔ የምትወደው ጥቃት ራሱ ይመጣልሃል። የዛሬ ዘመን ትልልቅ ተጫዋቾችም ይህን ጣሊያን የሚባል መክፈቻ በአብዛኛው በዚህ በዝግታው መንገድ ነው የሚጫወቱት።

አሁን ወደ ጥቁር ልምጣ። እዚህ ጋ ነው ነገሩ ጥርት ብሎ የሚታየው።

ተጋጣሚህ ዲ4 ከፈተ፣ አንተ ዲ5። እሱ ሲ4፣ አንተ ኢ6። ሁለታችሁም ፈረሶች አወጣችሁ፤ አንተ ቢሾፕህን ኢ7 አደረግህ፣ እሱ ኢ3 አለ። በአምስተኛው እንቅስቃሴ ሲ4ን በላህ። ስንት ሰከንድ እንደፈጀብህ ታውቃለህ? አንድ እንኳ አልሞላም። የነጭ ቢሾፕ ኤፍ1 ላይ ገና ቤቱ ነበር፤ ብድግ ብሎ በአንድ እንቅስቃሴ ሲ4ን በላና ምርጥ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ካስል፣ ከዚያ ኢ4። ሁለት ወታደሮቹ ዲ4 እና ኢ4 ላይ ትከሻ ለትከሻ ቆሙ። ያንተ ዕቃዎች ከኋላቸው ታፈኑ።

ትንሽ ብትጠብቅ ምን ይሆን ነበር? ነጭ ያን ቢሾፕ አንድ ቀን ማውጣት አለበት። ዲ3 ያደርገዋል እንበል። ያኔ ሲ4ን ትበላለህ፤ ቢሾፑ ለሁለተኛ ጊዜ መንቀሳቀስ ይኖርበታል። አንድ እንቅስቃሴ በነጻ አገኘህ ማለት ነው። በቼዝ መክፈቻ ላይ አንድ ነጻ እንቅስቃሴ ትልቅ ገንዘብ ነው።

ነጭም ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ ቢሾፑን ላለማንቀሳቀስ ሌላ ሌላ ይነካል። ሩኩን ሲ1 ያደርጋል፣ ንግሥቱን ሲ2፣ ኤ3 ይላል። ጥቁርም ላለመብላት ኤች6 ይላል፣ ኤ6 ይላል፣ ሩኩን ኢ8 ያደርጋል። ማን ቀድሞ ይሰለቻል ነው ጨዋታው። በ1927 ቦነስ አይረስ ላይ ካፓብላንካና አሌኺን ለዓለም ሻምፒዮናነት ሲጋጠሙ 34 ጌም ተጫውተዋል። ከሁለቱ ጌሞች በቀር ሁሉም ይኸው የንግሥት ጋምቢት ተከላካይ መክፈቻ ነበር። በዘመኑ ከምድር ላይ ምርጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ያንን የሲ4 ወታደር «መቼ ይበላ?» በሚል ጥያቄ ዙሪያ ሲፋለሙ ከረሙ። አሌኺን፣ እሱም አጥቂ ተብሎ የሚታወቀው፣ ስድስት አሸንፎ ሦስት ተሸንፎ ዘውዱን ወሰደ። አንተ ይህን ጥያቄ በአንድ ሰከንድ ጨረስከው።

መቼም ካነሳሁት፣ የድሮው የእኛ ሰንጠረዥ (የኢትዮጵያ ቼዝ) ላይ አንድ ደስ የሚል ደንብ ነበረ። ጨዋታው ሲጀመር ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ ዕቃቸውን እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ። ወረራ ይባላል። ተራ በተራ መጫወት የሚጀመረው የመጀመሪያው ዕቃ ሲበላ ነው። ጎበዝ ተጫዋች በወረራው ጊዜ ዓይኑ የራሱ ዕቃ ላይ አይደለም፤ የተጋጣሚው አሰላለፍ ላይ ነው። እሱ ሲያስተካክል ይሄም ያስተካክላል። የመጀመሪያዋ መብላት ከመጣች በኋላ ያ ነጻነት አይመለስምና ጎበዝ ተጫዋች ዘሎ አይበላም ነበር። በዘመናዊው ቼዝ ደንቡ ሌላ ነው፤ የመጀመሪያዋ መብላት ግን ዛሬም ያን ያህል ከባድ ናት።

አሁን አንድ ጥያቄ እንደምታነሳ ይገባኛል። «ኤንጂኑ (ጌም የሚተነትነው ፕሮግራም) እኮ ስህተት ነው አላለኝም!» አዎ፣ አላለህም። ከጌሙ በኋላ ስቶክፊሽ የሚባለውን ኤንጂን ስታስነሳ በቀይ የሚያሳይህ ብላንደርን፣ ከባዱን ስህተት፣ ነው፤ ንግሥት ስትሰጥ፣ ማት ሲያመልጥህ። ያቺ በአምስተኛው እንቅስቃሴ ሲ4ን የበላህባት ግን የምታስከፍልህ ከአንድ ወታደር ሩብ አይበልጥም። ቀይ አይበራም፣ ቢጫም አይበራም። ቀጥሎ ሳያስፈልግ ቢሾፕ በፈረስ ትለዋወጣለህ፤ እሷም ጥቂት ናት። ቀጥሎ ባዶ ቼክ፤ ንጉሡ ወደተሻለ ቤት ይሄድልሃል። እንዲህ እንዲህ እያለ 25ኛው እንቅስቃሴ ላይ ስትደርስ ጥሩ እንቅስቃሴ የማይገኝበት ቦታ ላይ ነህ። ያኔ ብላንደሩ ይመጣል፤ ኤንጂኑም እሱን ብቻ በቀይ ያሳይሃል። አንተም «ታክቲክ አመለጠኝ፣ ፐዝል ልጨምር» ትላለህ። በሽታው ሌላ፣ መድኃኒቱ ሌላ። ለዚህ ነው ፐዝልህ እያደገ ጌምህ የቆመው።

ሰዓትህም ይህንኑ ይናገራል። ላይቼስ ላይ ጌም ስትተነትን እያንዳንዱ እንቅስቃሴ የፈጀውን ጊዜ የሚያሳይ ግራፍ አለ። ከፍተህ እየው። ከስምንተኛው እስከ ሃያኛው እንቅስቃሴ፣ ማለትም ጌሙ መልክ የሚይዝበት ቦታ ላይ፣ ሁለት ሁለት ሰከንድ ነው። ከተበላሸ በኋላ ደግሞ 15፣ 20፣ 25 ሰከንድ። መጨነቅ ባለብህ ጊዜ ትቸኩላለህ፣ ካለቀ በኋላ ትጨነቃለህ። መቸኮሉም ያው ይለይለት ነው፤ ያልተለየ ነገር ፊት መቀመጥ ያስጠላሃል።

መጨረሻው ላይ ደግሞ እንዲህ ሆነ። በጥቁር የተጫወትክበት የሩክ ኢንድጌም (ከንጉሥና ከወታደር ሌላ ሩኮች ብቻ የቀሩበት የጌሙ ማብቂያ) ነው። ተጋጣሚህ አንድ ወታደር ይበልጥሃል። ንጉሡ ዲ5፣ ወታደሩ ኢ5፣ ሩኩ ኤች7። ያንተ ንጉሥ ኢ8፣ ሩክህ ኤ6። ይህ ሳታውቀው የገባህበት በዓለም ላይ በጣም የታወቀ የአቻ ቦታ ነው። ፊሊዶር የሚባል ፈረንሳዊ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ያስቀመጠው ነው፤ ሰውዬው የኦፔራ ሙዚቃ ደራሲም ነበር። ሥራህ አንድ ብቻ ነው፦ ሩኩን በስድስተኛው ረድፍ ላይ ማቆየት። ኤ6፣ ቢ6፣ ኤ6፣ ቢ6። የነጭ ንጉሥ ያንን ረድፍ ማለፍ አይችልም። ሊያልፍ የሚችለው ወታደሩን ወደ ኢ6 ሲገፋ ብቻ ነው። በገፋ ቅጽበት ሩክህ ወደ መጀመሪያው ረድፍ ይወርድና ከኋላ ቼክ፣ ቼክ፣ ቼክ ይላል፤ ንጉሡ ከወታደሩ ፊት መጠለያ ስለሌለው ማምለጫ የለውም። አቻ።

አንተ ሁለት ጊዜ ወዲያ ወዲህ ካልክ በኋላ ሰለቸህ። ወታደሩ ገና ኢ5 ላይ እያለ ሩክህን ኤ1 አወረድከው። የነጭ ንጉሥ ወዲያው ኢ6 ገባ፤ ኤች8 ላይ ማት ያስፈራራል። ስድስት ሰከንድ ቀርቶሃል። ያኔም ሩኩን ወደ ኤ6 መልሰህ ቼክ ብትል ንጉሡ ወደ ኋላ ይመለስ ነበር፣ አቻውም በእጅህ ነበር። አንተ ግን ደነገጥክ፤ ስታስብ ሰዓቱ አለቀብህ። ከጌሙ በኋላ ቻቱ ላይ «በሰዓት ነው የተሸነፍኩት» ብለህ ጽፈሃል። ሰዓቱ ቢያልቅም ያሸነፈህ ሰዓቱ አይደለም።

ማስተካከያውን ልንገርህ። ብዙ ነገር አልጭንብህም።

ብሊትዙን አቁም አልልህም፤ እንደማትሰማኝ አውቃለሁ። ግን ሦስት ደቂቃ ያለ ጭማሪ ለአንተ ዓይነቱ ሰው መርዝ ነው፤ መቸኮልን ይሸልማል። ቢያንስ ሁለት ሰከንድ የሚጨምረውን ምረጥ። ከዚያ በሳምንት ውስጥ ጥቂት ጌሞችን በ15 ደቂቃ፣ በ10 ሰከንድ ጭማሪ ተጫወት። እዚያ ላይ አንድ ሕግ ብቻ ያዝ። አንድ ዕቃ መብላት የምትችልበት ሁኔታ ሲመጣ ከመብላትህ በፊት «ባልበላስ? እሱ ቢበላኝ ማን ይጠቀማል?» ብለህ ጠይቅ። መልሱ «እኔ እጠቀማለሁ» ከሆነ አትብላ፤ እሱ እንዲበላ ተወው። መልሱ «እሱ ይጠቀማል» ከሆነ ብላ። መጀመሪያ ላይ ጥያቄው ሰዓት ይፈጅብሃል፤ በኋላ ዓይንህ ራሱ ይለምደዋል። በመሀል አንዳንድ ጌም ሳትበላ ቀርተህ ትሸነፋለህ። ያ ይሁን ግድ የለም።

ፐዝልህን አትተው፤ ዓይነቱን ግን ቀይር። ላይቼስ ፐዝሎቹን በዘርፍ ከፋፍሎ አስቀምጧል። «ክዋየት ሙቭ» የሚል አለ፤ መልሱ ቼክም መብላትም ያልሆነበት። «ዲፌንሲቭ ሙቭ» የሚልም አለ። እነዚህን ሥራ። መጀመሪያ ሳምንት ውጤትህ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሲወርድ አትደንግጥ፣ ትክክለኛው ቦታ ላይ እንደነካሁህ ነው የሚያሳየው። ስለ ኢንድጌም ደግሞ ከፊሊዶር አቻ ሌላ የሉሴናን ማሸነፊያ ተማር። በአንድ ወታደር ሲበልጡህ የመጀመሪያው ያድንሃል፣ ስትበልጥ ሁለተኛው ያሸንፍልሃል። ሩክ ኢንድጌም ከሁሉም በብዛት ስለሚያጋጥም ሁለቱ ለአሁኑ ይበቁሃል።

ጌም ስትተነትን ኤንጂኑን መጀመሪያ አታብራ። የተሸነፍክበትን ከፍተህ «የመጀመሪያው ዕቃ የተበላው የት ነው? ማን በላ? አስገዳጅ ነበር?» ብለህ ራስህን ጠይቅ። ከዚያ በኋላ ኤንጂኑን አብራ። ካየኋቸው ሽንፈቶችህ በአብዛኛው መጀመሪያ የበላኸው አንተ ነህ፤ በአብዛኛውም ማንም አላስገደደህም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ስለ ሪማች ቁልፍ። ስትሸነፍ በሰከንድ ውስጥ ሌላ ጌም ትጀምራለህ፤ ያንንም ትሸነፋለህ፤ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ 80 ነጥብ ጠፍቶ ትተኛለህ። ይህ አንተን ብቻ የሚይዝ ነገር አይደለም። በኅዳርና በታኅሣሥ 2021 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ዱባይ ላይ፣ ሩሲያዊው ኔፖምኒያሺ ከሻምፒዮኑ ካርልሰን ጋር ለዓለም ሻምፒዮናነት ሲጋጠም አምስት ጌም ድረስ እኩል ነበሩ። ስድስተኛው 136 እንቅስቃሴ ፈጀ፤ በሻምፒዮናው ታሪክ ረጅሙ ጌም ነው። ካርልሰን አሸነፈ። ከዚያ በኋላ በነበሩት አምስት ጌሞች ኔፖ ሦስቱን ተሸነፈ፤ በዘጠነኛው ላይ የገዛ ቢሾፑን በአንድ የወታደር ግፊት አስይዞ አጣው፤ ክለብ ውስጥ የምናየው ዓይነት ስህተት። እሱ በጌሞቹ መሀል ሌሊት አድሮ፣ የዕረፍት ቀንም አግኝቶ ነው። አንተ ለራስህ ሦስት ሰከንድም አትሰጥም። ሁለት ተከታታይ ጌም ከተሸነፍክ ስልኩን ዝጋው።

የፊዴውን ጥያቄ ባጭሩ ልመልስ። የላይቼስ ሬቲንግ የሚጀምረው ከ1500 ነው፤ የሚያወዳድርህም እዚያ ካሉት ሰዎች ጋር ብቻ ነው። ሌላው የቼዝ ድረ ገጽ፣ ቼስ ዶት ኮም፣ የራሱ ተጫዋቾች አሉት፤ አንድ ሰው በሁለቱ ላይ የተለያየ ቁጥር ይኖረዋል፤ በዝቅተኛው ደረጃ ላይ የላይቼሱ ከፍ ይላል። ፊዴ ደግሞ ከመጋቢት 2024 ጀምሮ የሬቲንጉን ወለል (ዝቅተኛውን ነጥብ) ከ1000 ወደ 1400 ከፍ አድርጓል። ስለዚህ ቀጥታ መቀየሪያ ቀመር የለም። ትክክለኛው መንገድ አንድ ውድድር ላይ መመዝገብ ነው። አንድ ጌም እስከ አራት ሰዓት ቁጭ ብለህ ስትጫወት ብቻ ነው ያ ይለይለት የሚለው ጠባይህ ምን ያህል እንደሚከብድ በደንብ የምታየው።

በመጨረሻም በኢ4 ላይ የምትጫወተውን ካሮ ካን የሚባለውን መክፈቻ እንዳትነካው። ሲ6፣ ዲ5፣ ነጭ ኢ5 ሲገፋ ቢሾፕ ኤፍ5፣ ከዚያ ኢ6። በዚህ መስመር የተጫወትካቸው ጌሞች ከሁሉም ይበልጥ ረጋ ያሉ ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መሀሉ ተዘግቷል፣ ልብላ ብትልም የሚበላ የለም። ወደድክም ጠላህም ሲ5 የምትልበትን ሰዓት እየጠበቅህ ዕቃህን ታወጣለህ። ስለዚህ መጠበቅ አትችልም ብዬ አላምንም። የሚቀጥሉትን በ15 ደቂቃ የምትጫወታቸውን ጌሞች ላክልኝ፤ በተለይ ዲ3 ያልክባቸውንና የተሸነፍክባቸውን።